በምሽቱ ግብዣና በማግስቱ ምሳ መካከል

ከመገናኛ ተነሥቶ በሃያ ሁለትና በገርጂ በኩል እስከ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ወዲያም በሳሚትና በሲኤምሲ አድርጎ እስከ አያት የሚዘልቀው የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል ትልልቅ ሆቴሎች፣ የሠርግ አዳራሾችና የስብሰባ ቦታዎች ተጠጋግተው የሚገኙበት አካባቢ ነው። በ2011 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና ኋላ ተስፋፍቶ ከ1,000 በላይ ክፍሎች ያሉት ስካይላይት ሆቴል ለብቻው በአንድ ምሽት ምን ያህል ማዕድ እንደሚያሰናዳ መገመት አያዳግትም። በዚያው አካባቢ፣ በቤተ ክርስቲያናት ደጅ፣ በመገናኛ ድልድይ ሥርና ገና ባላለቁ ሕንፃዎች ጥግ፣ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ቀምሰው ወይም ጦማቸውን የሚያድሩ ሰዎች አሉ። ሁለቱን ወገኖች የሚለያያቸው የመንገድ ርቀት ሳይሆን ሰዓት ነው፤ ምግቡ የሚተርፈው ከምሽቱ አራትና አምስት ሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ተቸጋሪው ተሰብስቦ የሚመገብበት ቦታ የሚከፈተው ግን በማግስቱ ለምሳ ነው። ምግብ መታደግ ማለት ለመበላት ደኅና ሆኖ ሳለ ሊጣል የተቃረበን ምግብ ሰብስቦ ሳይበላሽ ለሚበላው ሰው ማድረስ ማለት ከሆነ፣ በቦሌና በአካባቢው የሚገኙ ኩባንያዎችም ሆኑ ግለሰቦች በጎ ፈቃዳቸውን ማዋል የሚገባቸው ከሁሉ አስቀድሞ በዚህ አንድ ሌሊት ላይ ነው።

ሀገሩ የመስጠት ልማድ አላነሰውም። ሰንበቴው፣ ዝክሩና ተዝካሩ፣ በሙስሊሙም ዘንድ ሰደቃውና ዘካው የተራበን ማብላት የእምነት ግዴታ እንጂ የትርፍ ሰዓት ሥራ አለመሆኑን ያስተምራሉ፤ የቆሎ ተማሪም ለዘመናት ትምህርቱን የተማረው በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ባገኘው ቁራሽ ነው። ከተማዋም ብትሆን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ ሲገባ የምግብ ባንክ በሚል ስም በየወረዳው ደረቅ እህልና ዘይት የሚሰበሰብባቸው ቦታዎች ተከፈቱ፤ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል የሚጠይቀው የማዕድ ማጋራት ጥሪም በዚያው ወቅት ተስፋፋ። በዚያው የትምህርት ዘመን የከተማ አስተዳደሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ቁርስና ምሳ መመገብ ጀምሯል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ «ተስፋ ብርሃን» የተባሉት የምገባ ማዕከላት፣ ማለትም አቅም ያጡ ሰዎች በቀን አንድ ጊዜ ያለ ክፍያ የሚመገቡባቸው ቤቶች፣ በባለሀብቶች ድጋፍ እየተስፋፉ ቁጥራቸው ከ20፣ ተመጋቢዎቻቸውም ከ30 ሺህ በልጠዋል። በአያት በኩል የሚገኘው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በጥር 2002 ዓ.ም. በቢኒያም በለጠ ተመሥርቶ ዛሬ ከቅርንጫፎቹ ጋር ከ7 ሺህ በላይ ሰዎችን ይዟል፤ ልደቱን፣ ሠርጉን ወይም የሙት ዓመት መታሰቢያውን እዚያ ሄዶ በማብላት የሚያከብረው የአዲስ አበባ ነዋሪም ብዙ ነው።

የኩባንያዎች በጎ ፈቃድ ግን እስካሁን የበዓል ነው። የባንክ፣ የኢንሹራንስና የንግድ ድርጅቶች ሠራተኞች በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ዋዜማ ዘይት፣ ዱቄትና ዶሮ ይዘው ይሄዳሉ፤ በክረምት የአቅመ ደካሞችን ቤት ያድሳሉ፤ ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ተቀባዩም ከልቡ ይመርቃል። ረኃብ ግን የሚበረታው በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ፣ ማንም በማይመጣበት በተራው ማክሰኞ ነው። በተለይ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ፣ ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው እንኳ ምሳውን መቀነስ በጀመረበት ከተማ፣ በዓመት ሦስት ጊዜ የሚመጣ ስጦታ የዕለት ጉርስን ሊተካ አይችልም። ትርፍ ምግብ በአንጻሩ በየዕለቱ አለ።

ምን ያህል ምግብ እንደሚባክን ለመረዳት የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የምግብ ብክነት መዘርዝር ማየት ይጠቅማል፤ በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ ከ1 ቢሊዮን ቶን በላይ ምግብ የባከነ ሲሆን፣ 60 በመቶው ከመኖሪያ ቤቶች፣ 28 በመቶው ከሆቴሎችና መሰል ምግብ አቅራቢዎች፣ ቀሪው ከመሸጫ መደብሮች የወጣ ነው። ተቋሙ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቀደመ መዘርዝር ለኢትዮጵያ ያስቀመጠው የቤት ውስጥ ብክነት ልክ፣ በነፍስ ወከፍ በዓመት 92 ኪሎ ግራም፣ የተነሣው ከዚሁ ከአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ አጠገብ፣ በለገጣፎ ለገዳዲ ከተማ ከተደረገ የደረቅ ቆሻሻ ጥናት ነው። አሃዙ ልጣጩንና አጥንቱንም የሚጨምር ስለሆነ ሁሉም ሊበላ ይችል ነበር ማለት አይደለም፤ የቤቶችን እንጂ የሆቴሎችን ጓዳም አይናገርም። የቦሌ ሆቴሎች በየምሽቱ የሚተርፋቸውን ምግብ መዝኖ መመዝገብ ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ሚዛንና መዝገብ የያዘ አንድ ትጉህ ወጣት ይበቃል።

ትርፍ ምግብ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከተመጋቢው ሳህን የሚመለስ ትርፍራፊ ነው፤ ይህ እጅ የነካው ስለሆነ ለሰው መሰጠት የለበትም፤ ምንም እንኳ ዛሬ ቡሌ እየተባለ፣ ከሆቴሎች ጓሮ ወጥቶ በጥቂት ብር ለድሆች መሸጡ የአዲስ አበባ የአደባባይ ምስጢር ቢሆንም። ሌላው ተሠርቶ ሳይቀርብ የቀረ፣ ከወጥ ቤቱ ያልወጣ ምግብ ነው። ለ300 ሰው በታዘዘ ግብዣ 220 ሰው ቢመጣ፣ ወጥ ቤቱም እንዳያጥር ብሎ መጠባበቂያ ጨምሮ የሠራ ከሆነ፣ ሙሉ ትሪ ሩዝ፣ ሙሉ ድስት ምስር ወጥ፣ ያልተፈታ የእንጀራ ጥቅል ባለበት ይቀራል። ይህን ምግብ ከሌላው ሳይቀላቀል ማትረፍ የሚቻለው ምሽቱን የተረፈው ሁሉ በአንድ በርሜል ከመገልበጡ በፊት ነው፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ደግሞ የሼፉ አንድ ቃልና የዕቃ አጣቢዎቹ ትብብር ነው።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የቅዝቃዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የምግብ ደኅንነት መመሪያ የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ እንዳይቀመጥ፣ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዲቀዘቅዝ ወይም ከ60 ዲግሪ በላይ ሙቀት ላይ እንዲቆይ ያዛል፤ በሁለቱ መካከል ተሐዋስያን በፍጥነት ይራባሉና። በትልቅ ድስት እንዳለ ማቀዝቀዣ ውስጥ የገባ ሩዝ ከላዩ ቢበርድም መሐሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል፤ ሩዝ ላይ የሚያድገው ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ ደግሞ በማግስቱ ቢያሞቁትም አይጠፋም፤ ስለዚህ ሩዙ በዝርግ ትሪ ሳሳ ብሎ መከፋፈል አለበት። ክትፎና ጥሬ ሥጋ ፈጽሞ ከዚህ መንገድ መግባት የለባቸውም። እንጀራ በአንጻሩ በባሕርዩ የመቆየት አቅም አለው፤ የቤት እመቤቶች ከጥንት ጀምሮ እያደረቁ በድርቆሽ መልክ ሲያኖሩት ኖረዋል።

ይህን ሁሉ የሚችል አካባቢ ቢፈለግ ቦሌ ራሱ ነው። ከባቱና ከሆለታ የተቆረጠ ጽጌረዳ አውሮፕላን እስኪሳፈር የሚቆየው በቦሌ የጭነት ተርሚናል ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ነው፤ የኮቪድ ክትባትም በየካቲት 2013 ዓ.ም. ወደ ሀገር የገባው በዚሁ በር ነው። የአየር መንገድ ምግብ ዝግጅት የሚሠራውም አብስሎ፣ በፍጥነት አቀዝቅዞና በኋላ አሙቆ በማቅረብ ዘዴ ስለሆነ፣ ለምግብ መታደግ የሚያስፈልገው እውቀት በአካባቢው በየቀኑ የሚሠራበት የሙያ ልማድ ነው። ከበረራ የሚመለሰውን ምግብ ብዙ ሀገሮች የእንስሳት በሽታን ፈርተው እንዲቃጠል ወይም እንዲቀበር ስለሚያዝዙ ከዚያ በኩል ትሪ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የሚጠበቀው ሙያው ነው። አንድ የቅዝቃዜ ባለሙያ በወር ሁለት ምሽት የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኞችን ቢያሠለጥን፣ አንድ የጭነት ድርጅት ቀዝቃዛ መኪናውን ሥራ ከሚፈታበት ከምሽቱ አምስት ሰዓት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቢያውስ፣ አንድ የመብራት ማመንጫ አስመጪ መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጄኔሬተር ለአንድ ማዕከል ቢሰጥ፣ የእነዚህ ስጦታ ከብዙ ካርቶን ዘይት ይልቃል።

የሃይማኖት ሥርዓቱም ከውጭ የተቀዳ አሠራር ሊፈታው የማይችል ጥያቄ ያስነሣል። ሆቴሎች ረቡዕና ዓርብ ለጾመኛውም ለማይጾመውም ሁለት ዓይነት ማዕድ ስለሚያሰናዱ ትርፉ ይበዛል፤ ማክሰኞ ማታ የተረፈ የፍስክ ምግብ ግን ረቡዕ ለሚጾመው አረጋዊ ሊቀርብለት አይገባም። ከሁሉ የሚከብደው የዐቢይ ጾም ቅበላ ነው፤ ሥጋ በገፍ በሚበላበት በዚያ ሰሞን የተረፈው በቀጣዮቹ 55 ቀናት አብዛኛው የኦርቶዶክስ ምእመን የማይነካው ነው። ሥጋው በማን እንደታረደም ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ በየዕቃው ላይ የጾም ወይም የፍስክ፣ የክርስቲያን ወይም የሙስሊም፣ የተሠራበት ሰዓትና ቀን የሚል ጽሑፍ መለጠፍ ግድ ይላል። ችግረኛ ነውና ያገኘውን ይብላ የሚል ሰው በዚህ ሥራ ውስጥ ቦታ የለውም፤ የተራበ ሰው እምነቱንና ክብሩን በረኃቡ ምክንያት አያጣም።

በአሜሪካ ፊኒክስ ከተማ በ1967 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የመጀመሪያው የምግብ ባንክ ሥር ሰዶ ወደ ሌላው ዓለም ሲዛመት ሕግ ተከትሎታል። አሜሪካ በ1996 እ.ኤ.አ. በቅን ልቦና ምግብ የሚሰጥን ሰው ከተጠያቂነት የሚጠብቅ ሕግ አወጣች፤ ፈረንሳይ በ2016 እ.ኤ.አ. ከ400 ካሬ ሜትር የሚሰፉ መደብሮች ከበጎ አድራጎት ድርጅቶች ጋር የስጦታ ውል እንዲገቡ አስገደደች። በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝቡን ካልተጠበቀ ምግብ ለመከላከል የቆመ ነው፤ ቅን ሰጪውን የሚከልል ድንጋጌ ሲጨመርበት ግን «አንድ ሰው ቢታመምብን ስማችን ይጠፋል» የሚለው የሆቴል ባለቤቶች ፍርሃት መልስ ያገኛል። የ2008 ዓ.ም. የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ለበጎ አድራጎት የሚሰጥ ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪነት እንዲያዝ ይፈቅዳል፤ ሊጣል የነበረ ምግብ በምን ዋጋ ይመዝገብ የሚለውን የኩባንያዎች የሒሳብ ባለሙያዎችና ጠበቆች አርቅቀው ለሚመለከተው ቢያቀርቡ፣ በሙያቸው የሚሰጡት ይህ አገልግሎት መንገድ ጠርጎ ከመመለስ እጅግ ይበልጣል።

በመጨረሻም በዚህ ሥራ ሊጎዱ ስለሚችሉ ሰዎች መነገር አለበት። የሆቴሎች ትርፍ ዛሬም ዝም ብሎ አይጣልም፤ ከፊሉ ወደ ከብት እርባታ ይሄዳል፤ ከፊሉ በቡሌ ሻጮች እጅ አልፎ ብዙዎችን ያበላል፤ ሻጮቹንም ያኖራል። ትርፉን ከወጥ ቤቱ በቀጥታ የሚወስድ ቀዝቃዛ መኪና ሲመጣ የእነዚህ ሰዎች ገቢ ይቋረጣል፤ ከእነርሱ የሚገዛው የቀን ሠራተኛም የምገባ ማዕከል መታወቂያ የሌለው ሊሆን ይችላል። የቡሌ ሻጮች የትኛው ሆቴል በስንት ሰዓት በሩን እንደሚከፍት፣ የትኛው ጥበቃ እንደሚተባበር፣ የትኛው ምግብ ቶሎ እንደሚጎመዝዝ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ስለዚህ በቦሌ፣ በየካና በለሚ ኩራ ክፍላተ ከተማ ይህን ሥራ ለመጀመር የሚነሣ ኩባንያ መኪናው ላይ ከሾፌሩ አጠገብ የሚቀመጠውን የመጀመሪያ ደመወዝተኛ ከእነርሱ መካከል መቅጠር፣ የምግብ አያያዝ ሥልጠናና የጤና ምርመራ ካርድ መስጠት፣ መታወቂያ የማይጠየቅበት አንድ የማታ ማደያም በየክፍለ ከተማው መክፈት ይኖርበታል።