ጭስ የራቃቸው የላስታ ቤቶች

ላሊበላ ደርሶ የተመለሰ ሰው የሚያወራው ስለ 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ነው፤ ይገባቸዋልም። ዩኔስኮ ግን በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበው ስለዚህ ስፍራ ባሰፈረው መግለጫ መንደሩን አልዘለለውም፤ በአካባቢው ቀይ ድንጋይ የተሠሩትን ክብ ባለ ፎቅ ቤቶች ለይቶ ጠቅሷል። እኛ ግን ፎቶ አንስተናቸው እናልፋለን።

እነዚህን ቤቶች ያቆመው ያገሬው ሰው ነው። ድንጋዩ በጭቃ እየተያያዘ ተደርድሯል፤ ጣራው የሣር ክዳን ነው። ምድር ቤቱ ለከብትና ለዕቃ፣ ላይኛው ለቤተሰብ ሲሆን ደረጃው ከውጭ በኩል ይወጣል። አብያተ ክርስቲያናቱን ከመኖሪያ ጫና ለመጠበቅ ሲባል በቅርብ የነበሩ ነዋሪዎች ወደ ሌላ ሰፈር ሲዛወሩ፣ ከቤቶቹ አንዳንዶቹ ባዶ ቀሩ። የመዛወሩን ምክንያት እረዳለሁ። የሚያሳዝነኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

የሣር ቤት ሰው ከለቀቀው ዕድሜ የለውም። ሰው በሚኖርበት ጎጆ ውስጥ ቀና ብላችሁ እዩ፦ ወጋግራውና ማገሩ በጥላሸት ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ከምድጃው የሚወጣው ጭስ ሣሩን ያደርቃል፣ እንጨቱን ከነቀዝ ይጠብቃል። እሳቱ ሲጠፋ ክዳኑ እርጥበት ይይዝና ይሻግታል። ቀጥሎ ዝናቡ በግድግዳው አናት ይገባል፤ ጭቃው ታጥቦ ሲያልቅ ድንጋዩ ይናዳል። ስለዚህ ቤቱን ጠግኖ በሩን መቆለፍ ጥበቃ ሊባል አይችልም። ሲሚንቶ መለጠፍም እንደዚያው ነው፤ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፣ ከጭቃውም ጋር አይስማማም።

እኔ የምለው፣ ከእነዚህ ቤቶች ጥቂቶቹ የማኅበረሰብ ሙዚየም ይሁኑ፤ የሚያስተዳድሯቸውም ቀድሞ የኖሩባቸው ሰዎች ይሁኑ። ምድጃው በየማለዳው ይንደድ። ሞፈሩና ቀንበሩ፣ ወፍጮው፣ ጎተራው በየቦታው ይቀመጥ፤ የእያንዳንዱን አገልግሎት የሚያስረዳውም በእጁ የሠራበት ሰው ይሁን። እንግዳው የሚከፍለው ገንዘብ ለክዳኑ እድሳት ይዋል። ቤት የመክደን ሙያ ያላቸው አባቶች እያረጁ ነው፤ ቆርቆሮ ሥራቸውን ነጥቋቸዋል፣ የክዳን ሣር የሚበቅልበት መሬትም እየታረሰ ነው። ወጣቱ ሙያውን የሚማረው ሥራ ሲኖር ብቻ ነው።

አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለመከለል በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ግዙፍ መጠለያዎች ተተክለዋል። ጎጆዎቹ የሚፈልጉት ሣር፣ ጭቃ፣ እንጨትና የከዳኝ ደመወዝ ነው። ይህ ከአገር አቅም በላይ አይደለም። የከተማው አስተዳደር፣ የአብያተ ክርስቲያናቱ አስተዳዳሪዎችና የቅርስ ባለሥልጣን ከመጪው ክረምት በፊት ተነጋግረው አንድ ቤት ይምረጡ፤ ቁልፉንም ለቀድሞ ነዋሪዎቹ ይስጡ።