የደኑ ሚዛን በማን እጅ ነው?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሰሜን ሸዋ በኩል ወደ ደሴ የሚያመራ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ ከጣርማ በር ዋሻ ብቅ ሲል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበለው ጉም ነው። በዚያ ጉም ውስጥ ቁልቁል ወርዶ ደብረ ሲና ሲደርስ የከተማይቱን ስመ ጥር ቆሎ የሚሸጡ እናቶችና ወጣቶች መስፈሪያቸውን ይዘው ይጠብቁታል። መስፈሪያው እስከ አፉ መሙላቱን ሻጭም ገዢም በዓይኑ ያያል፤ ስለዚህም ክርክር የለም። ከከተማይቱ በስተደቡብ፣ ወደ አንኮበር በተዘረጋው ገደላማ ተዳፋት ላይ በዚሁ ጉም ተሸፍኖ የቆመው የወፍ ዋሻ ደን ግን ከቆሎው እጅግ የላቀ ሀብት ሆኖ ሳለ፣ ጠባቂውም ተጠቃሚውም አብረው የሚያዩት መስፈሪያ ገና አልተበጀለትም። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም የሚነሣው ከዚህ ነው፤ የደኑን ሚዛን መያዝ የሚገባው ማን ነው?

ወፍ ዋሻ ተራ ቁጥቋጦ አይደለም። የጣርማ በር፣ የባሶና ወራናና የአንኮበር ወረዳዎች የሚጋሩት፣ ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ተደባልቀው የበቀሉበት፣ ጭላዳ ዝንጀሮ የሚውልበት ጥንታዊ ደን ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የመናገሻን ደን ሲያስተክሉ የጽዱን ዘር ከዚሁ ስፍራ እንዳስመጡ በትውፊት ይነገራል። እንዲህ ከሆነ ዛሬ የመዲናይቱ ሰው ለሽርሽር የሚሄድበት የመናገሻ ጫካ የደብረ ሲና ተዳፋት ልጅ ነው ማለት ነው።

ስለ አገራችን ደን ስንናገር ከሁሉ አስቀድሞ ሊሰመርበት የሚገባ አንድ ሐቅ አለ። ከመቶ ዓመት በፊት ከአገሪቱ መሬት 40 በመቶው በደን ተሸፍኖ ነበር፤ ኋላ ግን ወደ 3 በመቶ ግድም ወረደ የሚለው አባባል በስብሰባ ንግግር፣ በትምህርት ቤትና በጋዜጣ፣ እንደዚህ ባለው ዓምድም ጭምር ለብዙ ዓመታት ሲደጋገም ኖሯል። ጄምስ ማካን የተባሉት የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1997 ይህን ትረካ ሲፈትሹት በልኬት ላይ የቆመ ሆኖ አላገኙትም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ የኢትዮጵያ ደን 12.3 ሚሊዮን ሄክታር፣ ማለትም ከቆዳ ስፋቷ 11 በመቶ ያህል ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. አገሪቱ ለዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ስምምነት ጽሕፈት ቤት ያቀረበችው ሰነድ ደግሞ 15.5 በመቶ ይላል። በስድስት ዓመት ውስጥ ደኑ ይህን ያህል ተስፋፋን? አልተስፋፋም። በዋናው የተለወጠው ትርጓሜው ነው። ስፋቱ ግማሽ ሄክታር፣ የዛፉ ቁመት 2 ሜትር፣ የአናቱ ጥላ 20 በመቶ የሞላ ሁሉ ደን ነው ተብሎ በመወሰኑ፣ ቀድሞ ያልተቆጠረ ጥቅጥቅ ያለ የቆላ ጫካ ወደ ሂሳቡ ገባ። ውሳኔው ስሕተት ነው ማለታችን አይደለም። ነገር ግን መስፈሪያው በተለወጠ ቁጥር የሚለወጥ አኃዝ ይዞ ስለ ድልም ሆነ ስለ ጥፋት በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም።

ከዚህ አኳያ የራዳር ቴክኒክ ያመጣው ነገር በጥሞና ሊጤን ይገባዋል። እንደ ፎቶግራፍ መሣሪያ ያለው የሳተላይት ዓይን የፀሐይን ብርሃን ይጠብቃል፤ ሌሊት አያይም፣ ደመናም ይጋርደዋል። ራዳር ግን ብርሃኑን ይዞ የሚዞር መሣሪያ ነው። ራሱ የሬዲዮ ሞገድ ወደ ምድር ይልካል፤ ተመልሶ የሚመጣውንም ይሰማል። በደብረ ሲና ገደል ጫፍ ቆሞ የተጣራ እረኛ የገደል ማሚቶ እንደሚመለስለት ያለ ነው። ጉምም ሌሊትም ይህን ማሚቶ አያግዱትም።

ዋናው ምስጢር በሞገዱ ርዝመት ላይ ነው። በ2006 ዓ.ም. መጋቢት ወር ወደ ሕዋ የተላከው የአውሮፓውያን ሴንቲኔል 1 ሳተላይት የሚጠቀምበት ሞገድ 5 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ ከቅጠልና ከጭራሮ ጋር ተጋጭቶ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ሞገድ የተመነጠረን ቦታ ይለያል፤ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ያለውን የእንጨት ክብደት ግን ሊመዝን አይችልም፤ ቶሎ ይጠግባል። ሐምሌ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሕንድ የተወነጨፈው፣ የአሜሪካና የሕንድ የጋራ ሥራ የሆነው ኒሳር ከሚጠቀምባቸው ሁለት ሞገዶች አንዱ 24 ሴንቲሜትር ነው፤ ቅጠሉን አልፎ ከቅርንጫፍ ይደርሳል። ከእርሱ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 21 ቀን፣ የአውሮፓ የሕዋ ድርጅት ያመጠቀው ባዮማስ የተባለው ሳተላይት ደግሞ 70 ሴንቲሜትር ያህል የሚረዝም ሞገድ ይዟል። ይህ ሞገድ ቅጠሉንና ጭራሮውን እንደሌለ ቆጥሮ ከግንድና ከትልልቅ ቅርንጫፍ ጋር ይነጋገራል። የካርቦኑ አብዛኛው ክምችት ያለው ደግሞ በግንድ ውስጥ ነው።

አገራችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር ያስወነጨፈቻት የመጀመሪያዋ ሳተላይት ምስሏ በእንጦጦ የምድር ጣቢያ የሚቀበሏት የራሳችን ዓይን ነበረች። ኩራቱ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የብርሃን ዓይን በመሆኗ፣ ገበሬው ዘር በሚዘራበትና ችግኝ በሚተከልበት በክረምቱ ወራት፣ እንደ ጣርማ በር ያለውን ስፍራ ለማየት ጉሙ እስኪገለጥ መጠበቅ ግድ ነበረባት። ጉሙ የሚሸፍነው ደግሞ መጥረቢያውንም ጭምር ነው።

ለመሆኑ ራዳር የያዘ ሳተላይት የሌለን እኛ ምን ማድረግ እንችላለን? የሴንቲኔል 1 መረጃ ለማንኛውም ሰው በነፃ የተለቀቀ ነው፤ የሌሎቹም መርሕ ይኸው ነው። ስለዚህ እጥረቱ የማሚቶው አይደለም፤ የሚያዳምጠው ሰው ነው። ይህ ጸሐፊ በውጭ አገር ለትምህርት በነበረበት ጊዜ፣ ኢትዮጵያን ረግጦ የማያውቅ ተማሪ የደጋችንን የራዳር ምስል ዘርግቶ ሲተነትን ተመልክቷል። ልጁ ትጉህና ቅን ነበር። ጽድና ባሕር ዛፍ የቱ እንደሆነ ሲጠየቅ ግን መልስ አልነበረውም። በነገራችን ላይ ባዮማስ ከጠፈር መከታተያ ራዳሮች ጋር እንዳይጋጭ ሲባል በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ሰማይ ላይ እንዳይለካ ተከልክሏል። የእኛ ሰማይ እንዲህ ያለ ገደብ የለበትም። የአፍሪካ ደን በሙሉ ለሚዛን ቀርቧል፤ ሚዛኑን የሚያነብ አፍሪካዊ ግን ገና ጥቂት ነው።

ይህ ሲባል ራዳሩን እንደ ተአምር ማምለክ አይገባም። ገደል ያስቸግረዋል። ፊቱን ወደ መሣሪያው ያዞረው ተዳፋት በምስሉ ላይ ተጣጥፎ ይታያል፤ ጀርባውን የሰጠው ደግሞ በጥላ ይዋጣል። ወፍ ዋሻ ያለው እንዲህ ባለው መሬት ላይ ነው። ዝናብ የመታው ቅጠልም ከደረቀው የተለየ ማሚቶ ይመልሳል። ከሁሉም በላይ ለራዳሩ ጽድም ባሕር ዛፍም እንጨት ነው። የጥንቱ ደን ተጨፍጭፎ በምትኩ ባሕር ዛፍ ቢበቅል መዝገቡ ምንም አልጎደለም ሊል ይችላል፤ ምንጩ መድረቁን ግን ከሥሩ ያለው ገበሬ ያውቃል። ስለዚህ የሰማዩ ልኬት እውነት የሚሆነው በምድር ላይ ዛፍ በዛፍ ከተለካ ናሙና ጋር ሲመሳከር ብቻ ነው። ያንን ናሙና ያለ አካባቢው ሕዝብ ማንም ሊሰበስበው አይችልም።

ቅራኔው ጎልቶ የሚወጣው ገንዘብ ሲመጣ ነው። ዛሬ የደን ካርቦን በዓለም ገበያ ይሸጣል። በወላይታ ሁምቦ በ2,728 ሄክታር ላይ እንዲያገግም የተደረገው ደን ክፍያ ያገኘው ካርቦኑ ተለክቶ ነው። ነገ የወፍ ዋሻ ተራ ቢደርስ ልኬቱን የሚያቀርበው ገዢው ራሱ ከሆነ፣ እህሉን በነጋዴ ሚዛን ያስረከበ ገበሬ የደረሰበትን የደብረ ሲና ገበሬም በደኑ ላይ ያየዋል። ማገዶውን ትቶ፣ ከብቱን ከጫካው አግዶ፣ ዛፉን የጠበቀው እርሱ ነው። ዋጋ ሲቆረጥ ግን አኃዙ በማያውቀው ቋንቋ ተጽፎ ይመጣበታል።

በራሳችንም ቤት ያለው አሠራር ከዚህ ነቀፋ ነፃ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ተነግሯል። የሕዝቡ መነሣሣት የሚደነቅ ነበር። ነገር ግን የተከላ ቁጥር የእጅ ሥራ ቁጥር ነው፤ የደን ቁጥር አይደለም። ችግኙ ከጸደቀ ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ ግንድ ያወጣል፤ ግንድ ካወጣም ማሚቶው ይሰማል። የተከላው ሪፖርት በወጣበት ገጽ ላይ የጸደቀው ልኬት መውጣት አለበት፤ ትንሽም ቢሆን፣ የሚያሳፍርም ቢሆን።

ተዳፋቱን መለካት የእንጨት ጉዳይ ብቻም አይደለም። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ወር በደብረ ሲና አቅራቢያ ይዛባ በተባለው ስፍራ መሬት ተንሸራቶ ብዙ ቤተሰብ ከቤቱና ከማሳው ተፈናቅሏል። በዚያው ወር በአፋር ዳባሁ ምድር ሲሰነጠቅ የራዳር ሳተላይት 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም መስመር መሬቱ እስከ 8 ሜትር መከፈቱን ለክቶ ለዓለም ሳይንስ አሳውቋል። ሁለቱ ስፍራዎች በአንድ ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያሉ ናቸው። የአፋሩን ያየ መሣሪያ የይዛባን ገበሬ ለማስጠንቀቅ የሚያገለግልበት ሥርዓት ግን አልነበረም።

ሥራው ከየት ይጀመር ለሚለው መልሱ ሩቅ አይደለም። የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ምስሉን ያዘጋጅ፤ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ንባቡን ይማሩ፤ በወፍ ዋሻ ውስጥ ቋሚ የናሙና ቦታዎች ተከልለው የየዛፉ ዙሪያ በደረት ከፍታ፣ ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ላይ፣ በሜትር ይለካ፤ ዝርያውም በአገሬው ስም ይመዝገብ። ለካዮቹ የደን ጠባቂዎችና የቀበሌው ወጣቶች ይሁኑ፤ የቀን አበላቸውም ይከፈላቸው። ጊዜው ከኅዳር እስከ ጥር፣ የበልጉ ዝናብ ሳይገባና ቅጠሉ ደረቅ ሳለ ቢሆን ይመረጣል። መዝገቡ በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ ወደ አዲስ አበባ ይላክ፤ ሁለተኛው በአማርኛ ተጽፎ ደብረ ሲና ላይ፣ ማንም ገበሬ ገብቶ ሊያየው በሚችልበት ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ።