ሐኪሙ «ይራመዱ» አለ፤ ወዴት?

የማኅበራችን መጽሔት አንባብያን ሆይ፤ በዚህ ገጽ ላይ ስለ ፈተና፥ ስለ ምግብ አዳራሹና ስለ ሥራ ማጣት ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ ስለ አረጋውያን ልጽፍ ነውና፥ «ይኸ ደግሞ የወጣት ነገር ነውን?» የሚለኝ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

አያቴ የሠፈራቸው ቤት ስለ ፈረሰ ከአክስቴ ጋራ ወደ ኮንዶሚኒየም ገቡ። እጣው የወጣው በአራተኛው ፎቅ ነው፤ አሳንሰርም የለም። የደም ግፊት አለባቸውና ሐኪሙ መድኃኒት ካዘዘላቸው በኋላ «እማማ፥ ጨው ይቀንሱ፤ በየቀኑም ይራመዱ» ሲል መከራቸው። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ወዴት ይራመዱ? አንድ ቀን ደግፌ ላውርድዎ ብላቸው «ልጄ፥ ወርጄስ ማንን ላገኝ ነው?» አሉኝ። የቡና ጎረቤቶቻቸው በየአቅጣጫው ተበትነዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያው ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። አክስቴም እሳቸውን ለማስታመም ሥራዋን ተወች። እንግዲህ የአረጋውያን ጉዳይ ወጣቱን አይነካም የሚል ካለ አክስቴን ይጠይቅ።

ጥፋቱ የማን ነው? ሐኪሙ ስለ ደረጃ አልተማረም፤ መሐንዲሱም ስለ ጉልበት አልተማረም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይደነግጋል፤ ሕግ ዐዋቂው ግን አንቀጹን ለፈተና አጥንቶት አልፏል። እኔም የሥነ ጽሑፍ ተማሪው በልብ ወለድ ውስጥ ያለውን ብቸኝነት ስተነትን በቤታችን የተቀመጠውን አላየሁም።

የዩኒቨርሲቲያችንም አቀማመጥ ይኸንኑ ይመስላል። ልብና አጥንት የሚጠናው በጥቁር አንበሳ፥ የቤት አሠራር በልደታ፥ ሕግና የኅብረተሰብ ኑሮ በስድስት ኪሎ ነው። አንዲት አሮጊት ግን በሦስት ግቢ ተከፋፍለው አይኖሩም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2021 እስከ 2030 ያለውን ዐሥር ዓመት ጤናማ እርጅና የሚታሰብበት ዘመን ብሎ ሰይሞታል። ሥያሜው መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ደረጃ አያወርድም።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ዩኒቨርሲቲያችን በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ልኮ ነበር። እኔ ዓመት አልጠይቅም፤ የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይበቃኛል። ማኅበራችን ከሕክምና፥ ከሕንፃ ጥበብ፥ ከሕግ፥ ከሶሻል ወርክና ከኛ ዘንድ አንድ አንድ ሰው እያወጣ ቡድን ያቋቁም። ቡድኑ ወደ አንድ መንደር ሄዶ የደም ግፊት ይለካ፤ መደገፊያ የሌለውን ደረጃ ይመዝግብ፤ የላይኛውን ፎቅ ከታችኛው ጋራ መለዋወጥ የሚፈቅድ ጎረቤት ቢገኝ ውሉን ያርቅ። የኛም ድርሻ ቀላል አይደለም፤ አረጋውያኑን ቁጭ ብሎ ማዳመጥና የሚሉትን መጻፍ ነው።

እድሮቻችንንም እናነጋግር። እድር ለሞተ ሰው ድንኳን ተክሎ፥ ንፍሮ ቀቅሎ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ያ ሁሉ ሰው በሕይወት ላለው ጎረቤቱ በሳምንት አንድ ቀን በጋራው ቤት ቡና ቢያፈላና ደካማውን ደግፎ ቢያወርድ ምን ይጐድልበታል? ያን ጊዜ ሐኪሙ «ይራመዱ» ያለው ትእዛዝ መድረሻ ያገኛል።

ሽማግሎቻችን ሲመርቁን «ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ» ይላሉ፤ ሁለቱን ለያይተው አያውቁም። እኛ ግን አንዱን ለአንድ ፋኩልቲ፥ ሌላውን ለሌላው ሰጥተን ለያየናቸው። ምርቃቱ ከደረሰልን ነገ እኛም እናረጃለን፤ ያ ደረጃም እዚያው ቆሞ ይጠብቀናል።