እርሙን ያላወጣ ተራኪ

ይድረስ የዲናው መንግሥቱን የመጀመሪያ ልቦለድ ከመሐል ለዘጉት አንባቢ፤

አንተዋወቅም፤ መጽሐፉን የዘጉበትን ምክንያት ግን ከብዙ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ። «ተራኪው ምንም አያደርግም። ሱቁ ሲከስር ዝም፣ የወደዳት ሴት ደጁ ስትመጣ ዝም። ይራመዳል፣ ያስታውሳል፣ ይመለሳል። የሚይዘው የለው፣ የሚለቀው የለው።» ይህን እኔም ብያለሁ። ዋሽንግተን በነበርኩባቸው ዓመታት ፓርኪንግ እሠራ ነበር። መጽሐፉን የጀመርኩት የሌሊት ተረኛ ሆኜ፣ ገንዘብ በምቀበልባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አንዱ መኪና ወጥቶ ሌላው እስኪመጣ ድረስ እየሰረቅኩ ነው። እኔ ሁለት ሥራ ይዤ፣ ሀገር ቤት የሚላከውን እያሰብኩ፣ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር፣ ይህ ሰው ሰው በሌለበት ሱቅ ውስጥ መጽሐፍ ያነባል። ተናደድኩ። «ተነስ እንጂ! አንድ ነገር አድርግ!» አልኩት ድምፄን አውጥቼ። ሰማንያኛው ገጽ ሳልደርስ ዘጋሁት። የተመለስኩበት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ የምጽፍልዎትም ያኔ ምኑን እንደሳትኩት ስለገባኝ ነው።

ዲናው በ1978 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወልዶ በሁለት ዓመቱ ወደ አሜሪካ ተወሰደ፤ ያደገው ኢሊኖይ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ልቦለድ አሜሪካ ውስጥ የያዘው ርዕስ ከዳንቴ «ሲኦል» መጨረሻ የመጣ ነው፤ ሰማይ ስለያዘቻቸው ውብ ነገሮች የሚል። እንግሊዝ ውስጥ ግን «የአብዮቱ ልጆች» ተብሎ ታተመ። የጋርዲያንን የመጀመሪያ መጽሐፍ ሽልማት ያገኘውም በዚህ ስሙ ነው። የመጀመሪያው ርዕስ ያምራል። እኔ የምይዘው ሁለተኛውን ነው፤ ልጅ የሚለው ቃል አለበትና።

ተራኪው ሴፋ እስጢፋኖስ ይባላል። በዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል፣ የጄኔራል ሎጋን የፈረስ ሐውልት ከቆመበት አደባባይ ዳር ትንሽ የሸቀጥ ሱቅ አለው። አባቱን ወታደሮች የወሰዱት በቀይ ሽብር ጊዜ ነው። ሰበቡ በራሪ ወረቀት ነበር፤ ወረቀቱን ቤት ያስገባው ደግሞ ልጁ ነው፤ ጥፋቱን አባት ተሸከመ። ሴፋ በኬንያ አድርጎ አሜሪካ ገባ። ታሪኩ ሲጀምር ከሀገሩ ከወጣ 17 ዓመት ሆኖታል። ይህ ለእንግሊዝኛ አንባቢ ተራ ቁጥር ነው። እርስዎና እኔ ግን «አሥራ ሰባት ዓመት» ሲባል ከ1966 እስከ 1983 ያለውን ዘመን እንሰማለን። ሴፋ ሸሽቶ በመጣበት ሀገር፣ በዚያች ሱቅ ውስጥ፣ የራሱን አንድ ሙሉ የደርግ ዘመን ቆጥሯል።

አሁን አያቴን ላንሳልዎ።

የመጨረሻ ልጇ በ1970 ከሰፈር ተወሰደ፤ ተገደለ ተባለ። ያኔ እንደዚያ የሞተን ማልቀስ «ፀረ አብዮት» ያሰኝ ነበር። ድንኳን አልተተከለም፣ የእድር ጡሩምባ አልተነፋም። አያቴ በማግስቱ ከሰል ገዝታ ወጥ ሠራች ይላሉ። እኔ የማስታውሳት ከዚያ በኋላ ያለችውን ነው። ቤት አይቀመጥላትም ነበር። ጡሩምባ በተነፋበት ሁሉ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ትወጣለች፤ የማታውቀው ሰው ለቅሶ ሳይቀር፣ ሌላ ቀበሌ ድረስ። ሄዳም ፍራሹ ላይ አታርፍም። ንፍሮ ታዞራለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ከጓዳ ድንኳን፣ ከድንኳን ጓዳ ትመላለሳለች። ሙሾ ሲወርድ ግን ከባለቤቶቹ በላይ የምትንሰቀሰቀው እሷ ናት። ጎረቤት «ለቅሶ ትወዳለች» ይላት ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984፣ ድንኳኑ በራሷ ደጅ ተተከለ። አስከሬን አልነበረም። ልጇ ተማሪ ቤት ሳለ ለመታወቂያ የተነሳት ጉርድ ፎቶ በትልቁ ታጥባ፣ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ተደገፈች። አያቴ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ሦስት ቀን ንፍሮ የሚያዞረው ሌላ ሰው ነበር፤ እሷ አልተነሳችም። እርሟን አወጣች። ከዚያ ወዲህ ጡሩምባ ሲነፋ «የማን ነው?» ብላ ትጠይቅ ጀመር። የማታውቀው ከሆነ «ነፍስ ይማር» ብላ ቤቷ ትቀራለች።

መጽሐፉን ሁለተኛ ስከፍተው ሴፋን ከእሷ ጎን አድርጌ አየሁት። በእኛ ቋንቋ ሐዘን «ይቀመጡታል»። ሐዘን ተቀመጠ፣ ለቅሶ ተቀመጠ እንላለን። አባቱን በገዛ ወረቀቱ ሰበብ አጥቶ፣ ሳይቀብር፣ አርባውን ሳያወጣ፣ ድንበር ለድንበር የሄደን ልጅ ማን «እግዜር ያጥናህ» ይበለው? እንደዚያ ያለ ሰው ሎጋን ሰርክል ላይ እንዲቀመጥ፣ እንዲያገባ፣ ሱቁን እንዲያስፋፋ መጠበቃችን እሱን ካለማወቅ ነው። መልሕቅ የለውም አልን እንጂ አንድ ከባድ መልሕቅ አለው፤ የተጣለው ግን አዲስ አበባ ነው።

ጨዋታውን ያስታውሱታል? ሱቁ ግድግዳ ላይ የአፍሪካ ካርታ አለ። ማታ ከኮንጎው ተወላጅ ከጆሴፍና ከኬንያዊው ከኬኔት ጋር እየጠጡ ይጠያየቃሉ። አንዱ የአምባገነን ስም ይጥላል፣ ቦካሳ ለምሳሌ፤ ሌላው ሀገሩንና ሥልጣን የያዘበትን ዓመት ይመልሳል። መጀመሪያ ሳነበው ስቄ አልፌዋለሁ። አሁን የማየው የአያቴን የተዘቀዘቀ ነጠላ ነው። መፈንቅለ መንግሥት ሁሉ የአንድ ሀገር ለቅሶ ነውና፣ ሦስቱ ሰዎች ከድንኳን ድንኳን ይዞራሉ። ሴፋ መላውን አህጉር ይዞራል፤ የራሱ ደጅ ላይ ግን ድንኳን አልተተከለም።

ስሙንም ያስተውሉልኝ። ጓደኞቹ «እስጢፋኖስ» እያሉ ይጠሩታል። እኛ ዘንድ ሰው የሚጠራው በገዛ ስሙ ነው፤ ተከትሎ የሚመጣው የአባቶች ነው። ይህ በእንግሊዝኛ ሲነበብ አይታይም። አማርኛ ለሚያውቅ ግን ከባድ ነገር ነው፤ ሴፋ «አቤት» ባለ ቁጥር የሚመልሰው ለአባቶቹ ስም ነው።

በአንድ ነገር ግን መጽሐፉን እኔም እወቅሰዋለሁ። ጁዲት፣ ሴፋ የወደዳት፣ ጎረቤቱ ገብታ ቤቷን የምታሳድሰው የታሪክ ፕሮፌሰር፣ ሥጋና ደም አልለበሰችም። የሰፈሩ ድሆች በኪራይ ጭማሪ ሲፈናቀሉ የእሷ ቤት ምልክት ይሆናል፤ እሷ ራሷ ግን ከቤቱ ጀርባ ጠፍታ ትቀራለች። ኋላ ቤቱ ሲቃጠል ያዘንኩት ለልጇ ነው።

ልጅቷ ናኦሚ የአሥራ አንድ ዓመት ናት። አባቷ ሞሪታኒያዊ ነው፣ አብሯት የለም። በብርዱ ወራት ሱቁ ትመጣና ሴፋ የዶስቶየቭስኪን «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» ጮክ ብሎ ያነብላታል። በመጽሐፉ ሁሉ ሴፋ ደህና ተቀምጦ ያየሁት እዚያች ቦታ ብቻ ነው። የሚያነበው ደግሞ ምንድን ነው? አባት ተገድሎ ከልጆቹ የትኛው በደለኛ ነው የሚል መጽሐፍ። በራሱ አፍ ሊለው ያልቻለውን በሰው ቃል፣ አባቷ ለራቃት ልጅ ይላታል። ፓርኪንግ ሆኜ «ባዶ ሱቅ ውስጥ መጽሐፍ ያነባል» ብዬ የተናደድኩበት ይኸው ነበር። አፍሬያለሁ።

የአልቤር ካሙን መርሶን ያውቁት ይሆናል፤ የ1942 እ.ኤ.አ. ልቦለዱ ተራኪ ነው። እናቱ ቀብር ላይ ተገኝቶ አላለቀሰም፤ ፍርድ ቤትም ያን ቆጠረበት። ሴፋ ቀብሩን የተነፈገ ነው። ሁለቱን በአንድ አፍ «ግድ የለሽ» ማለታችን ያመኛል።

ሴፋ ከሱቁ ወጥቶ የሚጓዝበት ቀን ይቀራል። መጽሐፉ ያን ቀንና ከዚያ የቀደሙትን ወራት እያፈራረቀ ነው የሚተርከው። ሴፋ ሱቁን ጥሎ ሁለት አገር ጎብኚዎችን ተከትሎ ይወጣል። የገንዘብ መሳቢያው አለ፣ ዕቃው አለ፣ ሰውዬው የለም። እርስዎ መጽሐፉን የዘጉት እዚህ አካባቢ ከሆነ እረዳዎታለሁ፤ ወፈፍ ያለ ይመስላል። ግን ትንሽ አብረውት ይሂዱ። እግሩ የሚያደርሰው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አጎቱ ብርሃነ አፓርትመንት ነው። አጎትየው የለም። እዚያ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች የጻፋቸው ደብዳቤዎች አሉ፤ ሴፋ አውጥቶ ያነባቸዋል። በሀገሩ የተከበረ ሰው፣ ሌሊት ከሥራ ገብቶ፣ ለማያውቀው ፕሬዚዳንት በትሕትና ስለ ሀገሩ ሲጽፍ ያስቡት። እሱም ሐዘን የሚቀመጥበት ድንኳን አጥቶ በወረቀት ላይ ተቀምጧል።

እባክዎ እስከዚያ ገጽ ይሂዱልኝ። ከዚያ በኋላ ሴፋ ወደ ሎጋን ሰርክል ይመለሳል፤ ሱቁን ከሩቅ ያየዋል፤ መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል። እሱ ገና አልተቀመጠም።

አክባሪዎ