ትሉ ተረሳ

መካኒሳ አቦ አካባቢ በአንድ ፋርማሲ ወረፋ ላይ ሳለሁ፣ ከፊቴ የቆሙ እናት ጉንፋን ለያዘው ልጃቸው «ያን በኮሮና ጊዜ ሲወራለት የነበረውን የትል መድኃኒት» ጠየቁ። ባለሙያዋ «እናቴ፣ ለጉንፋን አይሆንም» አለቻቸው። ጎበዝ!

የጠየቁት አይቨርሜክቲን ነው። ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በጥቁር ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈውንና ዓይን የሚያጠፋውን ኦንኮሰርካ ለማጥፋት፣ ከከፋ እስከ መተማ ለዓመታት ሲታደል ኖሯል። አምራቹ መርክ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በነፃ ይለግሰዋል፤ ለግኝቱም ካምቤልና ኦሙራ በ2015 ኖቤል ተሸልመዋል።

እ.ኤ.አ. በ2020 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች መድኃኒቱ በላቦራቶሪ የኮሮናን ቫይረስ መራባት እንደሚገታ አሳዩ። ጩኸቱ ከዚያ ተነሣ። የተጠቀሙበት መጠን ሰው ሲውጠው ደሙ ውስጥ ከሚገኘው በብዙ እጥፍ ይበልጣል ያሉ ባለሙያዎች ግን ሰሚ አጡ። በብራዚል 1,358 ሕሙማን የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሙከራ ሆስፒታል መግባትን እንዳልቀነሰ አረጋገጠ።

ታዲያ «ጠቅሞናል» ያሉት ሁሉ ዋሹ? አይመስለኝም። ስትሮንጂሎይደስ የሚባል ትል አለ፤ በባዶ እግር ከሚረገጥ አፈር በቆዳ ይገባና ሰው ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይኖራል። በተለመደው የሰገራ ምርመራም ብዙ ጊዜ ያመልጣል። በሽተኛው እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ስቴሮይድ ሲሰጠው የሰውነቱ መከላከያ ይላላል፤ ትሉም ያለልክ ይራባና ሊገድለው ይችላል። ዴክሳሜታዞን ደግሞ ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ወዲህ በኮሮና ክፉኛ ለተጎዱ ሕሙማን ዋና መድኃኒት የሆነ ነው። ተመራማሪዎች በኮሮና ሕሙማን ላይ የተደረጉትን የአይቨርሜክቲን ሙከራዎች መልሰው ሲመረምሩ፣ አይቨርሜክቲን ሞት የቀነሰ የመሰለው ይህ ትል በተንሰራፋባቸው አገሮች ነበር። ቫይረሱን ሳይሆን ትሉን ገድሎ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አሜሪካኖች ይህን ክርክር እንደ ፖለቲካ ቢያዩት አይገርመኝም፤ ትሉ የእነርሱ ጭንቀት አይደለም። የእኛ ግን ነው። ስለዚህ ለሐኪሞቻችን አንድ ልመና አለኝ፦ ስቴሮይድ ከማዘዛችሁ በፊት በሽተኛው ከየት እንደመጣ፣ በባዶ እግሩ ያርስ እንደነበር ጠይቁት።