የጎልፍ መኪና በጎዳና ላይ

በሜክሲኮ፣ በቻፓላ ሐይቅ ዳርቻ በምትገኘው አሂሂክ ብዙ አሜሪካውያንና ካናዳውያን ጡረተኞች ይኖራሉ። እግሩ ለደከመ አዛውንት የጎልፍ መኪና መጫወቻ ሳትሆን ገበያ መድረሻ ናት። ስለዚህ ድንጋይ በተነጠፈባቸው ጠባብ የመንደር መንገዶች ብትሄድ አልቃወምም።

አውቶቡስ የሚከንፍበት አውራ ጎዳና ግን ሌላ ነው። የእንቅስቃሴ ጉልበት የሚያድገው በፍጥነት ስኩዌር ነውና፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተሽከርካሪ በ20 ከሚጓዝ እኩያ ክብደት ካለው 9 እጥፍ ጉልበት ይይዛል። አውቶቡስማ ክብደቱም አለ! በር የሌላት መኪና ይህን አትችለውም። አሜሪካ በ1998 እ.ኤ.አ. በዝግታ ለሚሄዱ የጎዳና ተሽከርካሪዎች ቀበቶ፣ መብራትና መስታወት ግዴታ አድርጋለች። በአሂሂክም እነዚህን ያሟላች በመንደር ውስጥ ትነዳ፤ አውራ ጎዳናውን በትራፊክ መብራት ትሻገረው እንጂ አትጓዝበት።