ሰሊጥ አጫጁ አጎበርም ይታሰብለት
የሰሊጥ አጨዳ በደረሰ ቁጥር ከደጋው ወደ መተማና ቋራ ቆላ የሚወርዱት ሠራተኞች በአብዛኛው ወጣት ወንዶች ናቸው። ቀን ሲያጭዱ ውለው ሌሊት ሜዳ ላይ ወይም ግራር ሥር ያድራሉ። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካ መሬት ስንጥቅና በግራር ዛፍ አካባቢ ትገኛለች፤ የምትነክሰውም በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ትኩሳት የጀመረው ሠራተኛ ግን የቀን ገቢው እንዳይቀርበት ሕመሙን ችሎ ይሠራል። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል፤ በወቅቱ ከታከመ መዳን ይቻላል።

ስለዚህ ጉዳዩ ለጤና ጽሕፈት ቤት ብቻ የሚተው አይደለም። ባለሀብቱ መጠለያና በኬሚካል የተነከረ አጎበር ያቅርብ፤ የታመመውንም ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። ግብርና ጽሕፈት ቤቱም ለነዳጅና ለማሽን እንደሚያቅደው ለሠራተኛው ጤና ያቅድ። ወጣቱ ገቢውንም ጤናውንም ይዞ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይገባል።